ሲስተር ዘነበች እና የፉሪው ሕንፃ

የሲስተር ዘነበችን ዕረፍት የሰማሁት ብስራተ ገብርኤል የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። የደወለችልኝ አንድ ልጃቸው ሐና ነበረች። «ቲቸር ዳንኤል፣ እማዬ አረፈች» አለችኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ከኋላዬ የቆመው ሰው «ወንድም፣ ሰልፉ ሄደ እኮ» ሲለኝ ነው የባነንኩት። ተራዬን ለቅቄ ወጣሁና አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ዱብ ዕዳ አልነበረም። ሲስተር ዘነበች አልጋ ላይ ከዋሉ ከርመዋል። ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ነበር፤ አንደበታቸውም ተይዟል። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ዓይናቸው እኔ ላይ ያርፋል፤ ያውቁኝ እንደሆነ ግን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። እንዲያም ሆኖ ሞቱ ሲባል ያ ሁሉ ነገር እንደገና መጣብኝ፤ የፉሪው ሕንፃ፣ ገምጋሚዎቹ የመጡበት ዕለት፣ የትዕግሥት ፊት።

የተዋወቅነው ነፋስ ስልክ በሚገኝ አንድ የግል የጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የራሱ ግቢ አልነበረውም። ምድር ቤቱ ላይ ፈርኒቸር መሸጫና ዳቦ ቤት ካለበት ሕንፃ የላይኞቹን ፎቆች ተከራይቶ ያስተምራል። እኔ አናቶሚ ለማስተማር ስቀጠር እሳቸው የነርሲንግ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ጠይም፣ አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፋ ያለ ሴት ናቸው። ነጭ ጋውናቸው ላይ፣ ደረታቸው አጠገብ፣ ተገልብጣ የምትንጠለጠል ሰዓት ነበረቻቸው። የሰው እጅ ሲይዙ ሰላም እያሉት ይሁን የልብ ምቱን እየቆጠሩ አይታወቅም እያልን እንስቅባቸው ነበር።

የሆሳዕና ሰው ናቸው። የመለማመጃ ክፍሉን አልጋ ሲያነጥፉ በሀዲይኛ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ተማሪዎቹ የቀኑን አየር የሚያውቁት ከመዝሙሩ ነበር። መዝሙሩ እየተሰማ ከሆነ ሰላም ነው። መሃል ላይ ቀጥ ካለ አንዱ እጁን ሳይታጠብ የሆነ ነገር ነክቷል ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ፈራኋቸው፤ ቀጥሎ ተናደድኩባቸው። አንድ ጊዜ ሁላችንም የምንወደው ልጅ በተግባር ፈተና ወደቀ። አባቱ በቅርቡ ሞቶበታል፤ ደግ ልጅ ነው፤ ክፍል አይቀርም። ላማልድለት ወደ ቢሯቸው ሄድኩ። ሲስተር ንግግሬን እስክጨርስ ድረስ ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ዳንኤል፣ እህት አለችህ?» አሉኝ።

«አለችኝ።»

«አግብታለች?»

«አዎ። አሁን እንዲያውም ነፍሰ ጡር ናት።»

«ምጥ ሲመጣ ለዚህ ልጅ ትሰጣታለህ?»

«አልሰጣትም።»

«እንግዲያው የሌላ ሰው እህትም አንስጠው» አሉ፣ በቁጣ አይደለም። «ይለማመድ። ከሥራ ስወጣ እኔው አብሬው እቆማለሁ።»

እንዳሉትም አደረጉ። ሁላችን ታክሲ ለመያዝ ስንሮጥ እሳቸው ከልጁ ጋር ላይ ቤት ይቀራሉ። ልጁ በኋላ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ተማሪ ለመማለድ እሳቸው ጋ ሄጄ አላውቅም።

ለምን እንዲህ እንደሆኑ የነገሩኝ ከታች ዳቦ ቤቱ ሻይ ስንጠጣ ነው። ወጣት ሳሉ ደቡብ ውስጥ አንድ ሆስፒታል፣ ማዋለጃ ክፍል ይሠሩ ነበር። አዲስ ተመርቃ የመጣች ነርስ ነበረች። አንዲት እናት በሰላም ወለደች፤ ሕፃኑም ደህና ነው። ሲስተር ወደ ሌላ ክፍል ተጠርተው ሄዱ፤ እናትየዋን ለአዲሷ ልጅ አደራ ሰጡ። ሴትዮዋ ትንሽ ቆይታ መንቀጥቀጥ ጀመረች።

«ብርድ መስሏት ብርድ ልብስ ደረበችላት» አሉኝ ሲስተር፣ ሻያቸውን እያማሰሉ። «ከሥሩ ደም እየፈሰሰ ነው። ሴትዮዋ ዝም ስትል እንቅልፍ የወሰዳት መሰላት። ስመለስ ልጅቷ ከጎኗ ተቀምጣ ሕፃኑን ታባብላለች። ፈገግ ብላ ‹ተኝታለች› አለችኝ።»

«ልጅቷን ምን አሏት?»

«ምን እላታለሁ? በደም መፍሰስ የምትዳከም ሴት አሳይቷት የሚያውቅ ሰው የለም። የተማረችው ከሰሌዳ ላይ ነው። ያስተማራት ቤት መለማመጃ ክፍል አለኝ ብሎ ነው ፈቃድ የወሰደው። ሄጄ አየሁት በኋላ። ክፍሉ አለ። ተቆልፏል።»

ይህን ከተናገሩ በኋላ ሒሳቡን ከፍለው ወደ ክፍል ወጡ። ስለዚያች እናት ዳግመኛ ሲያነሱ አልሰማሁም።

የፉሪው ነገር የመጣው አከራያችን ሕንፃውን ለሌላ ሥራ እፈልገዋለሁ ባሉ ጊዜ ነው። የኮሌጁ ባለቤት አቶ ገዛኸኝ ይባላሉ። ሰው ሲያወራ እንደሚሰማው ዓይነት ጨካኝ ነጋዴ አልነበሩም። እሳቸውም የድሮ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ኮሌጁን የጀመሩት ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ተማሪ እያስጠኑ ነው። የአባታቸውን ቤት ሸጠው፣ ከባንክ ተበድረው፣ ከሃና ማርያም አለፍ ብሎ ፉሪ ላይ ሕንፃ ማቆም ጀምረው ነበር። ውጪው ቀለም ተቀብቷል፤ ውስጡ ግን ገና ነው። ቧንቧው ተዘርግቷል፣ ውኃ የለም። ላይኛው ፎቅ መስታወት አልገባለትም፤ ነፋስ ሲነሳ በመስኮቶቹ ላይ የተወጠረው ላስቲክ ሲንኳኳ ይውላል።

በመምህራን ስብሰባ ላይ አቶ ገዛኸኝ ወደ ፉሪ እንደምንዛወርና አዲስ የአዋላጅ ነርስ ትምህርት እንደምንከፍት አበሠሩን። ሰው አጨበጨበ። ሲስተር እጃቸውን አወጡ። ያኔ የትምህርት ጥራት ክፍሉም በእሳቸው ሥር ነበር።

«አቶ ገዛኸኝ፣ የዕውቅና ፈቃድ የተሰጠን ለዚህ ሕንፃ ነው» አሉ። «እዚህ ላሉት ክፍሎች፣ አሁን ለምናስተምራቸው ትምህርቶች። ቦታ ስንቀይር መጠየቅ አለብን። አዲስ ትምህርት ስንከፍትም እንዲሁ። መጥተው ክፍሉን ያያሉ፣ ዕቃውን ያያሉ፣ መምህሩን ያያሉ። ከፈቀዱ እንጀምራለን። ሳይፈቅዱ ያስተማርነው ልጅ እንዳልተማረ ነው የሚቆጠረው።»

«እሱማ ይታወቃል፣ ሲስተር። እናመለክታለን።»

«ምዝገባውስ?»

አቶ ገዛኸኝ ፈገግ አሉ። «መስከረም ካለፈ ተማሪ ከየት ይመጣል? ስንቱ ኮሌጅ ነው ጎን ለጎን የሚያስኬደው! ማስተማሩም ይቀጥላል፣ ፈቃዱም ይመጣል።»

«ካልመጣስ?»

«ሲስተር፣ ጥሩ ጥሩውን እናስብ እንጂ» አሉና ወደ ሌላ አጀንዳ አለፉ።

ምዝገባው ተጀመረ። ትልቅ ባነር ተሰቀለ። አንድ ክፍል ሙሉ ልጆች ለአዋላጅ ነርስነት ገቡ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ አብዛኞቹ ከፉሪና ከአካባቢው። ከመካከላቸው ትዕግሥት የምትባል ቀጭን፣ ቶሎ የምትናገር ልጅ ነበረች። አባቷ ግንበኛ ናቸው፤ ያንኑ ሕንፃ ከገነቡት ሰዎች አንዱ። ልጃቸው የምትገባበትን ኮሌጅ ድንጋይ እኔ ነኝ የደረደርኩት እያሉ ለጎረቤት ሲያወሩ እንደነበር ትዕግሥት እየሳቀች ነግራኛለች።

ሲስተር በመጀመሪያ ፉሪ ሄጄ አላስተምርም ብለው ነበር። ሳምንት አልቆዩም። አንድ ቀን ባጃጅ ይዤ ስደርስ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ የሚያስተምሩበትን አሮጌ የሕፃን አሻንጉሊት በኩታ አዝለው ሲወጡ።

«አልመጣም ብለው አልነበር?» አልኳቸው።

«ልጆቹ ምን አጠፉ?» አሉኝ። «ተቀምጠው እየጠበቁ ነው።»

እያስተማሩም ግን አላረፉም። በየሳምንቱ አቶ ገዛኸኝ ቢሮ ይገባሉ። ውኃው ይግባ፣ አልጋው ይገዛ፣ ወይ ደግሞ ለልጆቹ እውነቱ ይነገራቸው። አቶ ገዛኸኝ በየሳምንቱ እሺ ይላሉ። ባንኩ ደግሞ ለአቶ ገዛኸኝ በየሳምንቱ ይደውልላቸው ነበር። ፊታቸው እየከሳ ሄደ። አንድ ዕለት በሩ ተከፍቶ ሳለ ሲስተርን «እኔንም እኮ አስቡልኝ!» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ሲስተር ምን እንደመለሱላቸው አልሰማሁም። ሲወጡ ግን ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

ማመልከቻው ገብቶ፣ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ገምጋሚዎች የሚመጡበት ቀን ተቆረጠ። በዋዜማው ተማሪዎቹ ነገ ትምህርት የለም ተባሉ። በማግስቱ ጠዋት ፉሪ ስንደርስ አንድ አይሱዙ በሩ ላይ ቆሞ ዕቃ ያራግፋል። የማዋለጃ አልጋ፣ ሚዛን፣ የማዋለጃ መለማመጃ አሻንጉሊቶች፣ በካርቶን የታሸገ መጽሐፍ። ሁሉም ከአንድ የምናውቀው ኮሌጅ በውሰት የመጣ ነው። በበርሜል ውኃ ተሞልቶ ጣሪያው ላይ ወዳለው ሮቶ እየተቀዳ ነበር፤ ቧንቧው ሲከፈት ለጥቂት ጊዜ እንዲፈስ።

ሲስተር ደጃፉ ላይ ቆመው አዩት። አቶ ገዛኸኝ ወደ እሳቸው መጡ፤ ከረቫት አስረዋል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ አለ።

«ሲስተር፣ እንግዶቹን የሚያስጎበኙልኝ እርስዎ ነዎት» አሉ። «ከእርስዎ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።»

«እኔን አያቁሙኝ፣ አቶ ገዛኸኝ» አሉ ሲስተር። «ከጠየቁኝ እናገራለሁ። አሁንም አልረፈደም፤ ይህን ዕቃ ይመልሱትና ያለንን እናሳያቸው። ይህ አለን፣ ይህ ይጎድለናል፣ ልጆች ተቀብለናል፣ አጥፍተናል፣ ጊዜ ስጡን እንበላቸው። እኔም አብሬዎት እለምናለሁ።»

«እንዲህ ብለን ፈቃድ የሚሰጠን ይመስልዎታል?»

«አላውቅም።»

«ልጆቹስ? እነሱ ሜዳ ላይ ቢወድቁስ?»

 «እሱን ነው የምፈራው» አሉ ሲስተር። አቶ ገዛኸኝ ትከሻቸውን ነካ አድርገው «አይዞዎት፣ ምንም አይጠይቁም» ብለዋቸው ወደ በሩ ሄዱ። ሲስተር እንደሚሉት የሚያደርጉ አልመሰላቸውም መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ለማናችንም አልመሰለንም።

ገምጋሚዎቹ መጡ። አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት ነበሩ። ቢሮውን አዩ፣ መጽሐፍ ቤቱን አዩ፣ ወደ መለማመጃ ክፍሉ ገባን። ክፍሉ አምሮ ነበር። ሽማግሌው ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ። ወጣቷ ግን የማዋለጃ አልጋውን እግር ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ ሲስተርን ተመለከተች።

«እርስዎ ነዎት የክፍሉ ኃላፊ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ትምህርቱን ገና አልጀመራችሁም፣ አይደል? ማመልከቻችሁ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው።»

አቶ ገዛኸኝ «አዎ፣ ፈቃዱን ነው የምን...» ብለው ሊጀምሩ ነበር። ወጣቷ ግን ዓይኗን ከሲስተር ላይ አላነሳችም።

«ጀምረናል» አሉ ሲስተር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «አንድ ክፍል ልጆች አሉን። ዛሬ እንዳይመጡ ተነግሯቸው ነው። ይህም ዕቃ የእኛ አይደለም፤ ማታ ይመለሳል።»

 ላይኛው ፎቅ ላይ ላስቲኩ ሲንኳኳ ይሰማኛል። አቶ ገዛኸኝ በውሰት የመጣው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሲስተር ወደ ገምጋሚዋ አንድ እርምጃ ተጠግተው «ልጆቹ ግን በደል የለባቸውም» አሉ። «እባካችሁ ለእነሱ መላ ፈልጉላቸው። ተምረዋል። እኔ ራሴ ነኝ ያስተማርኳቸው። ፈትኗቸው።» ሽማግሌው እናያለን አሉ። ሲስተር ይህን «እናያለን» እንደ ተስፋ ይዘውት ሄዱ።

ደብዳቤው ሲመጣ ተስፋ አልነበረበትም። ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል፤ ያለፈቃድ የተሰጠው ትምህርት ዕውቅና የለውም፤ ማስተማሩ ወዲያው ይቁም ይላል። አቶ ገዛኸኝ ልጆቹን ሰብስበው መናገር አቃታቸው። የተናገሩት ሲስተር ናቸው። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው፤ ለገምጋሚዋ ምን እንዳሉም አልደበቁም። አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ አንዳንዶቹ ገና አልገባቸውም። ትዕግሥት ብድግ አለች።

«ሲስተር፣ አንድ ቃል ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ ፈቃዱ ይመጣ ነበር?»

«ይመጣ ነበር ይሆናል።»

«ዕቃውስ በኋላ አይገዛም ነበር?»

«ላይገዛም ይችላል፣ ልጄ።»

«ይችላል!» አለች ትዕግሥት። «ለሚችል ነገር ነው እኛን የጣሉን?»

 የሲስተር እጅ ደረታቸው ላይ ያለችውን ሰዓት ይዞ ነበር። ትዕግሥት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከባድ ነበሩ። ሕንፃው ባዶውን ቆመ፤ የድሮው አከራያችን ልቀቁ እያሉ ነው፤ የእኛም ደሞዝ መዘግየት ጀመረ። መምህራኑ ሲስተርን አኮረፉ። ወደ መምህራን ክፍል ሲገቡ ወሬ ይቋረጣል። ሻይ የሚጠጡት ብቻቸውን ሆነ። አቶ ገዛኸኝ አላባረሯቸውም፤ ግን አላነጋገሯቸውም፤ በደረጃ ላይ ሲተላለፉ እንደማያውቋቸው ሆነው ያልፏቸዋል። ሲስተር ለዚህ ሁሉ ግድ ያላቸው አይመስሉም ነበር። ሌላ ሥራ ይዘዋል። የልጆቹን ማስረጃ በፌስታል ይዘው ከሚኒባስ ሚኒባስ እየተሳፈሩ በየኮሌጁ ይዞራሉ፤ ተቀበሉልኝ እያሉ።

አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ያገኘነው ዲን ከዓመታት በፊት የእሳቸው ተማሪ የነበረ ሰው ነው። ተነስቶ ወንበር ሰጣቸው፤ ለስላሳ አስመጣላቸው።

«ልጆቹን እቀበላለሁ» አለ። «ግን ከዜሮ ነው የሚጀምሩት። የተማሩትን ልይዝላቸው አልችልም።»

«ፈትናቸው» አሉ ሲስተር። «ማዋለጃ ክፍል አስገብተህ ፈትናቸው። ካልቻሉ ጣላቸው።»

«ሲስተር፣ ቢችሉም እኮ አልችልም። ያልተፈቀደ ቦታ የተማረ እንዳልተማረ ነው የሚቆጠረው። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?»

ሲስተር ለስላሳውን ሳይነኩት አመስግነው ተነሱ። መንገድ ላይ ሲሄዱ ጎናቸውን ደግፈው ይራመዱ ነበር። «ልጁ ልክ ነው» አሉኝ። ትንሽ ሄደው ደግመው «ልክ ነው» አሉ፣ የሚያማቸውን ቦታ እንደሚነካካ ሰው።

አንዳንዶቹ ልጆች ከዜሮ ጀመሩ። ሁለተኛ መክፈል ያልቻሉት ቀሩ። አንዷ አገባች፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል። ትዕግሥት ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት አወጣች ሲባል ሲስተር ፉሪ የልጅቷ ቤት ድረስ ሄዱ። ብቻዬን አልሄድም ስላሉ እኔም ነበርኩ። አባቷ ከሥራ መጥተው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር፤ ሲሚንቶው ከጥፍራቸው ሥር አልወጣ ብሏል። ወደ ውስጥ ግቡ አላሉንም። እንደ እሳቸው ላለ ሰው እንግዳ ደጅ ማቆም ቀላል ነገር አይደለም።

«ወንድሜ፣ ልጅቷ አትሂድ» አሉ ሲስተር። «ጎበዝ ናት። ክፍያውን እኔ ከሰውም ከቤተ ክርስቲያንም ለምኜ እሞክራለሁ። ትማር።»

«ስትማር ነበር እኮ» አሉ አባትየው።

«አውቃለሁ።»

«ሰው ሁሉ እርስዎ ልክ ነዎት ይላል። የእኔ ሚስት እንኳ ሐቀኛ ሴት ናት ትላለች። ይሁን፣ ልክ ነዎት። ልክ መሆንዎ ለእኔ ልጅ ምን አደረገላት?»

ትዕግሥት ከውስጥ ሆና ትሰማለች፤ ጥላዋ መጋረጃው ላይ ይታያል። ሲስተር ትንሽ ጠበቋት። ስላልወጣች «ይቅርታ አድርጉልኝ» ብለው ዞር አሉ። ያኔ ያጠፋሁት ጥፋት የለም ብለው ሲከራከሩ አልሰማሁም፤ መዋሸት ነበረብኝ ሲሉም አልሰማሁም። ታክሲ ውስጥ በመስኮት በኩል እያዩ «እንዲህ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ፈርቼም ተናገርኩ» አሉኝ። ከዚህ ሌላ ያሉት የለም። ትዕግሥት በሁለተኛው ወር ሄደች።

ሲስተር ሥራቸውን የለቀቁት ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ነው። ነፋስ ስልክ በምትገኘው የቀበሌ ቤታቸው ሆነው ለሰፈሩ ሰው ደም ግፊት ይለካሉ፤ አራስ ይጠይቃሉ። አልፎ አልፎ እጎበኛቸው ነበር። መዝሙራቸውን ትተውት ነበር፤ ሐናም ይህን አስተውላ ነገረችኝ። ሰው ሲመጣ ይጫወታሉ፣ ይስቃሉም፤ ሰው ሲሄድ ግን ከወንበሩ ሳይነሱ ይመሻል አለችኝ።

አንድ ቀን ዜና ይዤላቸው ሄድኩ። አቶ ገዛኸኝ ከሌላ ሰው ጋር ተሻርከው የፉሪውን ሕንፃ ጨርሰውታል። እንደገና አመልክተው፣ ታይተው፣ በዚህ ጊዜ ተፈቅዶላቸዋል። ያ ሁሉ ጭንቀት አልፎ ኬክ ተቆርሷል፤ ንግግር ተደርጓል። የሲስተርን ስም ያነሳ ሰው አልነበረም። ይህኛውን አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

«መለማመጃ ክፍሉ ውኃ አለው?» ነበር ያሉኝ።

«አለው። ከፍቼ አይቼዋለሁ።»

«አልጋውስ?»

«የራሳችን ነው። ሁለት ነው።»

«ደስ ይላል» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ደስታ ግን አላየሁባቸውም። ቆይተው «የመጀመሪያዎቹ ልጆች ናቸው እንዲህ ያደረጉት» አሉ። «እነሱ ባይወድቁ ማንም ቧንቧ አይዘረጋም ነበር። ይህን ግን ለማን ትነግረዋለህ? ለትዕግሥት አባት?» ስትሮኩ የመታቸው ያንኑ ክረምት ነው።

የቀብራቸው ዕለት ዝናብ ነበር። የወንጌላውያን መካነ መቃብር ውስጥ ዘማሪዎቹ በጃንጥላ ሥር ተጠጋግተው ዘመሩ። ያስተማሯቸው ነርሶች ብዙ መጥተዋል፤ ከሥራ በቀጥታ የመጡ፣ ጋውናቸውን ሳያወልቁ ጃኬት የደረቡ አሉ። ከዚያ ክፍል ልጆች ያየሁት ባጃጅ የሚነዳውን ብቻ ነው። ሰዎችን ከአስፋልት እስከ መቃብሩ በነፃ ሲያመላልስ ዋለ፤ ማን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። አቶ ገዛኸኝም መጥተው ነበር። ከሁሉ ኋላ ቆመው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ዝናቡ ራሳቸው ላይ እየወረደ። ሲያልቅ ወደ እኔ መጥተው እጄን ጨበጡኝ። ከዚያ ወደ መኪናቸው ሄዱ።

በሳምንቱ ለትዕግሥት በኢሞ ደወልኩላት። ቁጥሯን የሰጠችኝ ሐና ናት። ሲስተር ጤነኛ ሳሉ ለትዕግሥት መልእክት ይልኩላት ነበር አለችኝ፤ እንዴት ነሽ፣ ራስሽን ጠብቂ፣ ስትመለሺ ትምህርትሽን እናስባለን የሚል። ትዕግሥት እንዳነበበችው ይታያል፤ መልሳ ግን አታውቅም።

መጀመሪያ አላወቀችኝም። ስሜን ስነግራት «ቲቸር!» አለች፤ ድምፅዋ ጎርነን ብሏል። የሲስተር ልጅ ሐና ቁጥሯን እንደሰጠችኝና ሲስተር እንዳረፉ ነገርኳት። 

«ታመው ነበር?» አለች።

«ዓመት አልፏቸዋል። ስትሮክ ነው።»

«አልሰማሁም።» ቀጥላም «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ። «መጨረሻ ላይ ስሜን አንስተው ነበር?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ማን ይመሰክርብኛል? በሰው አገር፣ በሰው ቤት ላለች ልጅ ትንሽ ማረፊያ ይሆናት ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። የምናወራው ግን ስለ ሲስተር ዘነበች ነው።

«አላነሱም» አልኳት። «ከታመሙ ጀምሮ መናገር አይችሉም ነበር። ማንን እንደሚያስታውሱም አላውቅም።»

 

«እሺ» አለች። «መልስ ሳልጽፍላቸው ቀረሁ ማለት ነው።»

 ከበስተኋላዋ አንዲት ሴት በዓረብኛ ተጣራች፤ የጠራችው ትዕግሥት ብላ ሳይሆን እዚያ ባወጡላት ስም ነው። ትዕግሥት በዚያው ቋንቋ መጣሁ ብላ መለሰችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሐናን እግዜር ያጽናሽ በሉልኝ» አለችኝ። ስልኩን ዘጋችው።